የመሰላሉ ቃላት፦ የሰዋስው ትምህርትና የብርቅ ቃላት ታሪክ በቤተ አምሐራ

ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱንና የለጋምቦን ብርድ ተሻግሮ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያዘቀዝቀውን መንገድ የተከተለ መንገደኛ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከመካነ ሰላም ይደርሳል። የከተማዋ ስም ለአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ግልጥ ነው፤ የሰላም ቦታ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስም በአንድ የቅኔ ተማሪ እጅ ቢወድቅ እንዲህ በቀላሉ አይለቀውም። በግዕዝ «መካን» የሚባሉ ቃላት ሁለት ናቸውና። አንደኛው «ኮነ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ሥፍራ፣ ቦታ ማለት ነው። ሁለተኛው ከሌላ ሥር የበቀለ ሲሆን የማትወልድ ሴት ማለት ነው፤ ኤልሳቤጥ ዮሐንስን ከመፅነሷ በፊት የተጠራችበት ቃል ይኸው ነው፤ አማርኛም እንዳለ ወርሶታል። እንግዲህ ተማሪው «መካነ ሰላም» ብሎ ሲጀምር ሰሙ የሰላም ቦታ ይሆናል፤ ወርቁ ግን ሰላምን ያልወለደች፣ ከሰላም የመከነች አገር ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሚጎላ የሚወስነው የተነገረበት ዘመን ነው።

ሁለት የተራራቁ ፍቾችን በአንድ ድምፅ ውስጥ አዳብሎ የሚይዝ ቃል ኅብረ ቃል ይባላል። ስለ ሰምና ወርቅ በአገር ውስጥም በውጭም ብዙ ተጽፏል፤ አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ኢትዮጵያ ባህል ላሳተመው መጽሐፍ ርእስ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ብዙ ያልተባለለት ግን ለዚህ ጥበብ ጥሬ ዕቃውን ሲያቀርብ የኖረው መሣሪያ ነው። ተቀኚው ሁለተኛውን «መካን» ከየት ያገኘዋል? ማንስ ጠብቆ አቆየለት? መልሱ ሰዋስው በሚባለው መጽሐፍና ይህን መጽሐፍ በቃሉ ይዞ ከደብር ደብር ሲዞር በኖረው ደሃ ተማሪ ዘንድ ይገኛል።

ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። ለቃላት ዝርዝር መሰላል የሚል ስም መስጠት እንግዳ ቢመስልም የራሱ ታሪክ አለው። በ13ኛውና በ14ኛው ምእት ዓመት ግድም የግብጽ ክርስቲያኖች የአባቶቻቸው የቅብጥ ቋንቋ ከአፍ እየወረደ ዐረብኛ ሲተካው፣ የጸሎታቸው ቃል ጨርሶ እንዳይጠፋባቸው የቅብጡን ቃል ከነዐረብኛ ፍቹ የሚደረድሩ መጻሕፍት አዘጋጁ። እነዚህን መጻሕፍት «ሱለም» አሏቸው፤ በዐረብኛ መሰላል ማለት ነው። አንባቢው በአንዱ ቋንቋ እርከን ላይ ቆሞ ወደ ሌላው ይወጣባቸዋልና። የኢትዮጵያ ሊቃውንትም ያው ችግር ነበረባቸው፤ ግዕዝ የመጽሐፍና የጸሎት ቋንቋ ሆኖ ቢቀጥልም የገበያና የእልፍኝ ቋንቋ ከመሆን ከቀረ ቆይቶ ነበር። ስለዚህም የእነርሱ መጽሐፍ ያንኑ ስም በግዕዝ ያዘ።

የሰዋስው አሠራር ዛሬ መዝገበ ቃላት ከሚባለው የተለየ ነው። ቃላቱ በፊደል ተራ ብቻ አይሰደሩም፤ የሰማይ አካላት ከሰማይ አካላት ጋር፣ አራዊት ከአራዊት፣ ዕፀዋት ከዕፀዋት፣ የከበሩ ድንጋዮች ከመሰሎቻቸው ጋር በየወገናቸው ይቀመጣሉ። በግዕዙ ቃል አጠገብ አማርኛው ይከተላል። ጊሜ፣ ጉም። አስሐትያ፣ ውርጭ። ተድባብ፣ ጣራ። እዚህ ላይ የወሎን ደጋ ለሚያውቅ ሰው ልዩ ደስታ የሚሰጥ አንድ ቃል አለ። ቅዱሳት መጻሕፍትን ከግሪክ ቋንቋ ወደ ግዕዝ የመለሱት ሊቃውንት በአገራቸው እምብዛም የማያዩትን የበረዶ ብናኝ «ሐመዳ» አሉት። ያ ቃል ከመጽሐፍ ወጥቶ ወይም ከመጽሐፍ ቀድሞ በሕዝብ አፍ ኖሮ፣ «አመዳይ» ሆኖ የሳይንትና የለጋምቦ ገበሬ በማለዳ ገብሱ ላይ የሚያየውን ነጭ ጠላት ይጠራበታል። የመጽሐፉን ብርቅ ቃል ለመረዳት የደጋው ተማሪ ከደጅ መውጣት ብቻ ይበቃው ነበር ማለት ነው።

በቅኔ ቤት ይህ ዝርዝር የሚነበብ ሳይሆን የሚወርድ ነው። ተማሪው ግስ ያወርዳል፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሤሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ ከሚባሉት 8 አርእስት ሥር በሺህ የሚቆጠሩትን ግሶች ከነርባታቸው በቃሉ ይዞ መምህሩ ፊት ይደረድራል። ከዚያ ዐቢይ፣ ንኡስና ደቂቅ ተብሎ የተከፈለውን አገባብ ይማራል። ከዚህ ጋር እያዳበለ ባለ 2 ቤቱን ጉባኤ ቃና መቁጠር ይጀምርና በየደረጃው እየወጣ ባለ 8 ቤቱን መወድስ እስኪዘርፍ ይደርሳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከየቤቱ በለመነው ቁራሽ እያደረ ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው። ብርቅ ቃላትን የሚያሳድደውም ለጌጥ ብሎ አይደለም። ቅኔ አንዴ ከተነገረ ያበቃለታል፤ የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። በየዕለቱ አዲስ መናገር ያለበት ሰው ሌሎች ያልነኩትን ቃል ማግኘት ግድ ይሆንበታል። ሰዋስው የዚህ የዕለት ተዕለት ግዴታ ጎተራ ነበር።

የጎተራው ዋና ሀብት ግን የቃላቱ ብዛት ሳይሆን የፊደላቱ ልዩነት ነው። በጥንቱ ግዕዝ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ አ እና ዐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ ይለያዩ ነበር። አማርኛ ተናጋሪው ሊቅ ግዕዙን በራሱ አንደበት ሲያነብ ልዩነቶቹ ከድምፅ ጠፉ፤ በጽሕፈት ግን ቀሩ። አፍ የረሳውን ብዕር ያዘ። ምላስ በአንድ ድምፅ የሚያልፈው ቃል በብራና ላይ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሆኖ ተገኘ። ለተቀኚ ይህን የመሰለ ሲሳይ የለም፤ ጆሮ አንዱን ሲሰማ ልብ ሌላውን ይቆፍራልና።

አንድ ምሳሌ በሰፊው ማየት ይበቃል። በግዕዝ «ሠዐለ» ሥዕል ሠራ ማለት ነው። «ሰዐለ» በጉንፋን የተያዘ ሰው የሚያደርገው ነው። «ሰአለ» ለመነ፣ ጠየቀ ማለት ነው። «ሰሐለ» ደግሞ ቢላዋንም ሆነ ጦርን አሾለ ማለት ነው፤ በ18ኛው ምእት ዓመት በጎንደር ነገሥታትን ሲያነግሡና ሲሽሩ የኖሩት ራስ ሚካኤል «ስሑል» የተባሉት ከዚሁ ግስ ነው፤ የተሳለ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ወደ አማርኛ ሲወርዱ አንድ ቤት ገቡ። ሠዓሊው ሣለ፤ በሽተኛው ሳለ፤ ባለ ቢላዋው ሳለ። ለማኙም «ስእለት» የሚለውን ቃል ትቶልን ሄዷል፤ በንግግር «ስለት» ይሆንና ወደ ግሸን የሚወጣው ምእመን የሚገባው ስለትና የቢላዋው ስለት በጆሮ አይለዩም። አንድ ሰው «ስለቱ ደረሰ» ቢል የተሰማው ምስጋና ይሁን ዛቻ የሚታወቀው ከአነጋገሩ ሳይሆን ከነገሩ ሥር ነው።

ከዚህ የሚያንስ ግን የሚያስገርም ሌላም አለ። «መሀረ» አስተማረ ነው፤ «መሐረ» ይቅር አለ ነው። በአማርኛ ሁለቱም «ተማረ» ላይ ተገናኙ፤ ትምህርት የቀሰመውም ተማረ፤ ምሕረት ያገኘውም ተማረ። «ሠረቀ» ብርሃን ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ሌባው ያደረገው ነው፤ ሠረቀ ብርሃን የተባለን ሰው በእሳቱ ሰ የጻፈ ጸሓፊ ሳያስበው የሌብነት ክስ መሥርቶበታል። «ሐለየ» ዘመረ፣ «ኀለየ» አሰበ ነው፤ ከሁለተኛው «ኅሊና»፣ ከፊተኛው «ማሕሌት» ወጡ። ዛሬ ብዙው ሰው «ማኅሌት» ብሎ ሲጽፍ የመዝሙሩን ሥር ትቶ የአሳቡን ሥር መያዙን አያስተውልም፤ ምናልባት ለማሕሌቱም ነውር አልሆነበትም ይሆናል።

ይህ ጥበብ የት አገር መሬት እንደያዘ ሲጠየቅ የቅኔ ቤት ትውፊት በመጀመሪያ ከሚጠራቸው አንዱ ዮሐንስ ገብላዊ ነው። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ከሚባሉት ሦስቱ ታላላቅ የቅኔ ቤቶችም የመጀመሪያው የወሎ ነው። ዛሬ ቦረና፣ ሳይንት፣ ለጋምቦ፣ ወግዲና ከላላ የሚባሉት ወረዳዎች የሚገኙበት ምድር በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል ነበር፤ የነገሥታቱ ድንኳን የሚተከልበት፣ ታላላቅ አድባራት የተሠሩበት አገር ነው። ከዐፄ ዓምደ ጽዮን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) ጀምሮ ለነገሥታት የተደረደሩት ጥንታዊ የአማርኛ ግጥሞች የአማርኛ ጽሑፍ ቀደምት ምስክሮች ናቸው፤ ኢጣሊያዊው ኢግናሲዮ ጉዊዲ እ.ኤ.አ. በ1889 አሳትሟቸዋል። የዛሬ አንባቢ በእነዚህ ግጥሞች ውስጥ በየመስመሩ ይሰናከላል፤ ከአፍ የወረዱ ቃላት ሞልተውባቸዋልና። እነዚያን ለመፍታት ከሚረዱት ምንጮች አንዱ፣ በሰዋስው ውስጥ ለግዕዙ ፍች ሆነው የተጻፉት ጥንታዊ የአማርኛ ቃላት ናቸው። የተማሪው መሰላል ወደ ላይ ለመውጣት ተሠርቶ ወደ ኋላ ለመውረድም አገለገለ።

በዚሁ ምድር ከአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በላይ የቃል ሀብታም የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሐይቅ እስጢፋኖስ የተማሩት እኚህ ሊቅ፣ ስማቸው የተያያዘባት የጋስጫ ገዳም በቦረና በኩል ባለው ቆላ ውስጥ ትገኛለች። በ1416 ዓ.ም. የፈጸሙት መጽሐፈ ምሥጢር የክርክር መጽሐፍ ሲሆን፣ አርጋኖን ግን ከዕንቍውም ከአበባውም ከወፉም ስም እየለቀሙ የደረደሩበት የውዳሴ መጽሐፍ ነው። ሰዋስው ለምን እንደሚያስፈልግ የማይገባው ተማሪ አርጋኖንን ቢከፍት ወዲያው ይገባዋል። በሳይንት ያለችውና ስሟ ከዐፄ ገላውዴዎስ (እ.ኤ.አ. 1540–1559) ጋር አብሮ የሚነሣው ተድባበ ማርያምም፣ በስሟ ብቻ እንኳ አንድ የሰዋስው ቃል ለሕዝቡ አፍ አቆይታለታለች። ጣራ ለማለት ዛሬ ተድባብ የሚል ሰው አይገኝም፤ ተድባበ ማርያምን የማያውቅ የሳይንት ሰው ግን የለም።

ይህ ሁሉ ሀብት ያለ መከራ አልተላለፈም። ዐፄ ናዖድ አስጀምረዋት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሟት መካነ ሥላሴ በወርቅና በግምጃ ያጌጠች የቤተ አምሐራ ዕንቍ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር አቃጠላት። ከእንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት የሚቃጠለው ወርቁ ብቻ አይደለም። በቃል የሚያዝ ትምህርት ግን ሯጭ ነው፤ ብራናው ሲነድ ግስ የሚያወርደው ተማሪ በእግሩ ያመልጣል። ከዚያ ቀጥሎ የኦሮሞ ሕዝብ ወደዚህ ደጋ ሲመጣ የምድሩ ስም ራሱ ተለወጠ። ቦረና፣ ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ፣ ለጋምቦ፣ ለጋሂዳ የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ቅርስ ናቸው፤ «ወረ» ወገን፣ ቤተ ሰብ፣ «ለጋ» ወንዝ ማለት ነው። በኦሮምኛ ሴት ማለት የሆነው «ዱበርቲ» በወሎ አማርኛ በዱዓ ላይ ለሚሰበሰቡት ሴቶች መጠሪያ ሆነ። እስልምናም ከዐረብኛ «በረካ»፣ «ሐድራ»፣ «ዚያራ» የሚሉትን አመጣ፤ የወሎ ሸኾች በዐረብኛ ፊደል አማርኛ እየጻፉ መንዙማ ደረደሩ። «መንዙማ» የሚለው ቃል ዕንቍን በክር መሰካት ከሚል ዐረብኛ ሥር የወጣ ነው። በአንድ ተራራ ወዲያና ወዲህ ማዶ ደብተራው ከግዕዝ፣ ሸኹ ከዐረብኛ ብርቅ ቃል እየቀዱ ለአንድ ዓይነት ጆሮ ሲያቀርቡ ኖረዋል ማለት ይቻላል። አዝማሪውና ዛር የሰፈረበትም የየራሳቸው ምሥጢራዊ ቃላት ነበሯቸው፤ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቧቸዋል፤ እነርሱ ግን ቃሉን የሚሹት ለመሰወር እንጂ ለማፍታታት ስላልሆነ ነገራቸው ሌላ ነው።

የዚህ ደጋ ቃላት ወደ ዓለም የወጡበት በር አንድ ሰው ነው። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት እላይ በተነሣችው በመካነ ሥላሴ አገር ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን ሃይማኖት ከተቀበሉት ወገን ስለ ነበሩ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ሲያስወጡ አብረው ተሰደዱ፤ በመጨረሻም ሮም ከቫቲካን ጓሮ ካለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1649 የኤርፉርት ተወላጅ የሆነ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ ደጁን አንኳኳ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ብቻ ለቅሞ የተማረ ሰው ነበር። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ የተግባቡት በግዕዝ ነው፤ ለአንዱም ለሌላውም የእናት ቋንቋ ያልሆነ፣ ሁለቱም ከብራና የተማሩት ቋንቋ ድልድይ ሆናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት አስጠሯቸው። ያን በጋ ሉዶልፍ እየጠየቀ፣ መነኩሴው እየመለሱ አለፈ። ስለ አገሩ ታሪክ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሹመቱ ተጠየቁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ስለ ቃላት። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1661 በለንደን የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ በፍራንክፈርት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። የመጨረሻው በዓለም የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። መምህሩ ግን አንዱንም ሳያዩ ቀሩ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሥተው ሳለ እ.ኤ.አ. በ1658 ከእስክንድሮና ወደብ አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። የአውሮፓ ምሁራን ለረጅም ዘመን የአማርኛን ቃል ሲሹ የከፈቱት መጽሐፍ፣ በመሠረቱ የአንድ የቤተ አምሐራ መነኩሴ ትዝታ ነበር። በሽፋኑ ላይ የታወቀው ግን የሉዶልፍ ስም ነው። ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት፣ ሉዶልፍ ራሱ የመምህሩን ውለታ አልካደም፤ በመጽሐፉ እያነሣ አመስግኗቸዋል፤ ምስላቸውንም አሳትሟል። የዘነጋው ትውልድ ከእርሱ በኋላ የመጣው ነው።

በዚህ መንገድ የተጀመረው ሥራ በ19ኛው ምእት ዓመት ሰፋ። ኦገስት ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 በላይፕሲግ ባሳተመው ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ በሌላ መጽሐፍ ምስክር ያላገኘላቸውን ቃላት ከሰዋስው ቅጂዎች እየጠቀሰ አስገብቷል። የደበሎ ለባሹ ዝርዝር የላይፕሲግ ምሁር ምስክር ሆነ። የአንቷን ዳባዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1881፣ የጉዊዲ በ1901 ወጡ፤ ጉዊዲን የረዱት ሊቅ ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። የእሳቸው ጅምር በደቀ መዝሙራቸው በኪዳነ ወልድ ክፍሌ እጅ አደገ፤ እሳቸውም ሲያርፉ ደስታ ተክለ ወልድ አስፈጽመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ፊደላቱን ከሀ-ሁ ተራ አውጥተው በአበገደ ተራ ማስቀመጣቸው ብዙ አንባቢ አስቸግሯል። በፊደላት ልዩነት ላይ ያሳዩት ጽናት ግን ከሰዋስው የመነጨ ነው፤ ሥሩን ያሳተ ጸሓፊ ፍቹን እንደሚያስት ያውቁ ነበርና።

በዘመናችን ብርቅ ቃል የሚያሳድዱ ሌሎች ተጫዋቾች ተነሥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕንጻ ባለሙያ የፈለሰፈው ስክራብል የተባለ ጨዋታ በሰሌዳ ላይ ፊደላትን እያገጣጠሙ ቃል መሥራት ነው። ብርቱ ተጫዋቾች ማንም የማይናገራቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት በቃላቸው ይይዛሉ። የሚያስገርመው ከእነዚህ ብርቅ ቃላት አንዳንዶቹ የኢትዮጵያ መሆናቸው ነው። ጤፍ አለ፤ ራስ አለ። «ንጉሥ»ም በእንግሊዝኛ «ኒገስ» ሆኖ ገብቷል፤ እዚያ ግን መንታ ገጠመው፤ በ18ኛው ምእት ዓመት ፍራንሲስ ኒገስ በተባለ እንግሊዛዊ ኮሎኔል ስም የተጠራ በስኳርና በቅመም የሚጠጣ ትኩስ የወይን መጠጥም «ኒገስ» ይባላል። «ብር»ም እንዲሁ፤ ገንዘባችን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ፣ የእሽክርክሪትን ወይም የነፋስን እምምታ ከሚገልጥ አሮጌ የስኮትላንድ ቃል ጋር በፊደል አንድ ይሆናል። የዋድላ ተማሪ እነዚህን ሁለቱን ቢያገኝ ሌሊቱን አይተኛም ነበር።

የስክራብሉ ተጫዋች ግን ይተኛል። ለእርሱ የቃሉ ዋጋ በፊደላቱ ነጥብ እንጂ በፍቹ አይደለም። የኒው ዚላንድ ተወላጅ ናይጀል ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛውን የስክራብል የዓለም ውድድር ያሸነፈው ፈረንሳይኛ ሳይናገር ነው፤ ዝርዝሩን ብቻ በቃሉ ይዞ። በ2024ም በስፓንኛ ይህንኑ ደገመው። የማስታወስ ኃይሉ ሊደነቅ ይገባል፤ የቅኔ ቤት መምህርም ያደንቀው ይሆናል። ነገር ግን ፍቹን ሳያውቅ ግስ የሚያወርድ ተማሪ ከጉባኤ ቃና አያልፍም። ሁለት ፍች የሌለው ቃል ለቅኔ ጥሬ ድንጋይ ነው፤ ሁለት ፍች ኖሮት ተማሪው አንዱን ብቻ የሚያውቀው ቃል ደግሞ ከዚያ ይብስበታል፤ ሳያውቅ በንጉሡ ላይ ስድብ ሊሰነዝርበት ይችላልና።

ከዚህ አንጻር ሲታይ በ20ኛው ምእት ዓመት በሞክሼ ፊደላት ላይ የተነሣው ክርክር የጸሓፊዎች ቅንጦት አልነበረም። ፊደል ይቀነስ የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ከ231 የማያንሱ ሆሄያትን ለማጥናት የሚገደድ ገበሬ፣ በድምፅ የማይለያዩ አራት ቤተ ሰቦች ተደራርበው ሲጠብቁት ለምን ይደክማል? በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ መምህራኑ ይህን ጥያቄ በየጎጡ አግኝተውታል። በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋምም በ1970ዎቹ ሞክሼዎችን የመቀነስ አሳብ አቅርቦ አወያይቷል። በሌላ ወገን የቆሙት ደግሞ ሠረቀና ሰረቀ አንድ ከሆኑ ሰምና ወርቁ በጆሮ ቢቀርም ወርቁ የሚቆፈርበት ጉድጓድ ይደፈናል ይላሉ። በእውነቱ ሁለቱም ስለ አንድ ተማሪ አይናገሩም፤ አንዱ ስሙን መጻፍ ስለሚማረው፣ ሌላው መወድስ ስለሚዘርፈው ነው የሚከራከሩት። ሁለተኛው ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ የመጀመሪያው የሚናገርባቸው ቃላት ግን ብዙዎቹ ከሁለተኛው ጎተራ የወጡ ናቸው።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1966 ዓ.ም. የመጣው ለውጥ አዲስ አሳቦችን በአደባባይ መናገር ሲያስፈልገው ወደ ግዕዝ ሥሮች ነው የተመለሰው። «አብዮት» የሚለው ቃል «አበየ»፣ እምቢ አለ፣ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «ርእዮተ ዓለም» ማየት ከሚለው «ርእየ» ጋር ዓለምን አጋባ። «ወዛደር» ደግሞ ከአማርኛው «ወዝ» ተነሥቶ በ«ወታደር» አምሳል ተቀረጸ። ሰልፍ የወጣው ሕዝብ በመፈክር የጮኸው «አበየ» ለምእት ዓመታት በቅኔ ቤት በግስ ዝርዝር ውስጥ ሲወርድ የኖረ ነው፤ ቃሉ ከዚያ ወጥቶ አደባባይ ሲደርስ ከየት እንደመጣ የጠየቀው ጥቂት ነበር።

ክርክሩ በሕግ ሳይቋጭ ቀረ፤ ሞክሼዎቹም በትምህርት ቤት ገበታ ላይ እንዳሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደላት ሥርዓት ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ። ዛሬ በስልኩ አማርኛ የሚጽፍ ወጣት የቀረበለትን ፊደል ይነካል፤ አንዱን ስም አንድ ጊዜ በንጉሡ ሠ፣ ሌላ ጊዜ በእሳቱ ሰ ይጽፋል፤ አንባቢውም አይሳሳትበትም። መሣሪያው ግን በጆሮ አይሰማም፤ ሁለቱን እንደ ሁለት ቃል ይቆጥራቸዋል። በሠ የተመዘገበን ሠረቀ ብርሃን በሰ የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ አያገኘውም።